ለብጉር የትኛው መድኃኒት? ለማን? ለምን ያህል ጊዜ?

በቆዳ ሕክምና ክፍል በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ብጉር ያስቸገረው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «እስካሁን ምን ምን ተቀባህ?» ብዬ ነበር። መልሱ አጭር ሆኖ አያውቅም። ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የእንቁላል ነጭ፣ እርድ በማር፣ ጎረቤት የሰጠችው ቅባት፣ አክስት ከአረብ አገር የላከችው ክሬም፣ ከፋርማሲ «ለብጉር የሚሆን» ተብሎ የተገዛ ቱቦ። «እያንዳንዱንስ ለስንት ጊዜ ተጠቀምክ?» ስል ግን ሁሉም የተማከሩ ይመስል መልሳቸው አንድ ነው፤ «አንድ ሁለት ሳምንት ሞከርኩት፤ ለውጥ ሳጣ ተውኩት።»

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጥያቄው አልቀረልኝም። በሰፈር፣ በዕድር፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ሲስተር፣ እስቲ የልጄን ፊት ይዩልኝ» የሚለኝ አይጠፋም። ስለዚህ ለሁሉም በየተራ ከምመልስ ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው። ለብጉር የሚሠሩ መድኃኒቶች አሉ፤ ብዙዎቹም አገራችን ውስጥ ይገኛሉ። ነገር ግን ከእነዚህ አንዱም በሁለት ሳምንት ፊት አያጠራም። በሁለት ሳምንት ፊትን ወለል አድርጎ የሚያጠራ ክሬም ካጋጠማችሁ መደንገጥ ያለባችሁ ያኔ ነው።

ፊት ላይ ከመታየቱ በፊት

ብጉር የቆሻሻ ምልክት አይደለም፤ የደም መበላሸትም አይደለም። ቆዳችን ላይ ፀጉር የሚወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ከየቀዳዳው ጎን ወዝ የሚያመነጭ ዕጢ አለ። ልጆች ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ በሰውነታቸው ውስጥ የሚጨምሩት ሆርሞኖች እነዚህን ዕጢዎች ስለሚያነቃቋቸው ወዙ ይበዛል። የሞተው ቆዳ ደግሞ እንደወትሮው ረግፎ መውጣት ሲገባው ከወዙ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የተደፈነው ቀዳዳ አፉ ክፍት ከሆነ ራሱ ጠቁሮ ይታያል፤ ዝግ ከሆነ ነጭ ፍሬ መስሎ ይቀራል። ጥቁረቱ ቆሻሻ ስላልሆነ በሳሙና ብዛት አይለቅም። ልጆቻችንን «ፊትሽን በደንብ ስለማትታጠቢ ነው» እያልን የምናሳቅቃቸው በከንቱ ነው። ቀጥሎ በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ይራባል፤ ሰውነት ይቆጣል፤ ቦታው ያብጣል፣ ያማል፣ መግል ይቋጥራል።

እንግዲህ ጥፋተኞቹ አራት ናቸው፤ የወዝ መብዛት፣ የቀዳዳ መደፈን፣ የባክቴሪያ መራባትና የሰውነት መቆጣት። አብዛኛው መድኃኒት ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ይመታል እንጂ ለአራቱም አይደርስም። ሐኪም ለአንድ ፊት ሁለት ዓይነት መድኃኒት የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ በመስታወት የምታዩት ብጉር የተጠነሰሰው ከሳምንታት በፊት ነው። ዛሬ የጀመራችሁት መድኃኒት በዋናነት የሚከላከለው ገና ሊወጣ ያለውን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሠራ ወይም አልሠራም ለማለት ከ8 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሁለት ሳምንት ሞክሮ የሚተው ሰው ሠርቶ ሊሆን የሚችለውን መድኃኒት ነው የጣለው።

«ስታገቢ ይለቅሻል» የሚባለውንም ሳላነሳ አላልፍም። የብዙ ሰው ብጉር በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው የሚያገባውም በዚያው ዕድሜ ነው። ምስጋናው ለትዳር ሄደ እንጂ ያቀለለው ዕድሜው ነው። አግብተው፣ ወልደው፣ በሠላሳና በአርባ ዓመታቸው ብጉር የማይለቃቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ «ያገባች ሴት ብጉር ምን ሊያደርግላት» እየተባሉ ስለሚያፍሩ ሕክምና ቤት የሚመጡት ዘግይተው ነው።

በቤታችን ያለውን መነሻም እንይ። ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው ወይም ወፍራም የፀጉር ቅባት ተለቅልቀው ሹሩባ የሚሠሩ ልጆች ግንባራቸውና የፀጉራቸው ዳር ላይ ጥቃቅን ፍሬ ይወጣባቸዋል። ቅባቱ እየቀለጠ ወርዶ ቀዳዳውን ስለሚደፍን ነው። ቅቤ አትቀቡ አልልም፤ ከግንባር ራቅ አድርጉት፣ ሌሊቱን ሻሽ እሰሩበት፣ ጠዋት ግንባራችሁን ታጠቡ። ፊት ላይ ቫዝሊን መለቅለቅ የሚወዱ ቤተሰቦችም አሉ፤ ብጉር ያለበት ሰው «ቀዳዳ አይደፍንም» የሚል የተጻፈበትን ቀለል ያለ ማለስለሻ ቢመርጥ ይሻለዋል።

የሌላ በሽታ መድኃኒትም ብጉር የሚመስል ነገር ያወጣል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ፣ «ለድካም» እየተባለ የሚወጋው የቫይታሚን ቢ12 መርፌ፣ ለሚጥል በሽታ የሚወሰደው ፌኒቶይን፣ በክኒንም ሆነ በመርፌ የሚሰጡ ስቴሮይዶች ከእነዚህ መካከል ናቸው። የሳንባ ነቀርሳም ሆነ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለብጉር ተብሎ በፍጹም አይቋረጥም፤ ለሐኪሙ ግን ይነገራል። ወንዶች አገጭና አንገታቸው ላይ ከተላጩ በኋላ የሚወጣው ሽፍታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብጉር አይደለም። የተቆረጠው ጠጉር ተጠማዝዞ ወደ ቆዳው ተመልሶ ሲገባ የሚፈጠር ነው። የብጉር ቅባት ከመግዛታቸው በፊት ማሽኑን ከቆዳቸው ትንሽ ከፍ እንዲያደርግላቸው ፀጉር አስተካካዩን ቢጠይቁት ብዙ ይቀልላቸዋል።

ቶሎ የሚያሳምረው ክሬም

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳነሳሁት ልምጣ። በኮስሞቲክስ ሱቆችና በአንዳንድ መድኃኒት ቤቶች ያለ ማዘዣ ከሚሸጡት የፊት ክሬሞች ውስጥ ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው። ቱቦው ላይ ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚል ካያችሁ ስቴሮይድ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች መጥፎ አይደሉም፤ ለችፌና ለሌሎች የቆዳ በሽታዎች በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጡ ያድናሉ። ለብጉር ግን አይደሉም። ፊት ላይ ሲቀቡ የቆዳውን ቁጣ ወዲያው ያበርዱታል፤ ቆዳውንም ቀላ፣ ፈካ ያደርጉታል። ሰው በሳምንቱ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላታል። እሷም ለጓደኛዋ ስሙን ትነግራታለች።

ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፤ ቀጫጭን ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል፤ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ጥቃቅን ፍሬዎች ፊቱን ይሞሉታል። ስታቆመው ደግሞ ፊቷ ይቃጠላል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ስለዚህ ተመልሳ ትቀባዋለች። በዚህ መንገድ ያለ ክሬሙ መዋል የማይችል ፊት ይፈጠራል። ቆዳ ለማንጣት ከሚሸጡት ክሬሞች አንዳንዶቹ ደግሞ ሜርኩሪ ተገኝቶባቸዋል፤ ሜርኩሪ ከቆዳ አልፎ ኩላሊት ይጎዳል።

አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ሠርጓ ሦስት ወር ሲቀረው ከእናቷ ጋር መጣች። ክሬሟን ያመጣችው ምንም ጽሑፍ በሌለው ትንሽ ብልቃጥ ነበር፤ አንዲት ሻጭ ከሦስት ቱቦ እያደባለቀች ትሞላላታለች። ዓመት ከመንፈቅ ተቀብታዋለች። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እንድታቆም አድርጎ ሌላ ሕክምና ጀመረላት። በሦስተኛው ሳምንት ፊቷ አብጦ፣ ቀልቶ መጡ። እናትየው «ደህና የነበረችውን ልጄን አበላሻችሁብኝ» ብለው አለቀሱ። ተቀምጠን ነገሩን ከሥሩ አስረዳናቸው። ልጅቷ ጠንካራ ነበረች፤ አልተመለሰችበትም። ሠርጉ በቀጠሮው ዋለ፤ ፊቷ ግን ገና አልዳነም ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ባሏን አስከትላ ስትመጣ ብጉሩ ጠርቷል፤ ቀያዮቹ የደም ሥሮች ግን ጉንጯ ላይ ቀርተዋል።

እንዲህ ዓይነት ክሬም ለረጅም ጊዜ የተቀባችሁ ካላችሁ በድንገት ጥላችሁ ብቻችሁን አትሰቃዩ። ሐኪም እንዴት እንደሚያስቆማችሁ ያውቃል።

የሚቀቡት

ቀለል ላለ ብጉር፣ ማለትም ጥቁርና ነጭ ራስ ላላቸው ፍሬዎችና ጥቂት መግል ለቋጠሩት፣ ክኒን አያስፈልግም። የሚቀባ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ባክቴሪያውም አይላመደውም። በ2.5፣ በ5 እና በ10 በመቶ ይሸጣል። ሰው ሁሉ «ጠንካራውን ስጡኝ» ይላል፤ ይሁን እንጂ 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ጋር ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል፤ ማቃጠሉና ማድረቁ ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ ከዝቅተኛው ጀምሩ። አንድ ጠባይ አለው፤ ጨርቅ ያነጣል። ባለቀለም ፎጣ፣ የትራስ ልብስ፣ የነጠላ ጥለት ሳይቀር ያበላሻል። ሲደርቅ ልበሱ፤ ለትራስም ነጭ ጨርቅ አንጥፉ።

ሁለተኞቹ ከቫይታሚን ኤ ዘር የሆኑት ሬቲኖይዶች ናቸው፤ ትሬቲኖይንና አዳፓሊን። የቀዳዳውን መደፈን የሚከላከሉት እነዚህ ስለሆኑ የብጉር ሕክምና ምሰሶ ናቸው ብል አላጋነንኩም። ችግሩ አጀማመራቸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳው ይላጣል፣ ይቆጠቁጣል፤ ብጉሩም የባሰ ሊመስል ይችላል። ብዙ ሰው የሚሸሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ የማስተምረው እንዲህ ነበር፤ ማታ ፊትን በለስላሳ ሳሙና ታጠቡ፣ እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ የአንዲት አተር ፍሬ የምታህል መጠን ለፊታችሁ ሁሉ አዳርሱ። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ አይደረግም፤ ያልታየውንም ነው የምናክመው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሦስት ቀን አንዴ፣ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለላችሁ፣ ቆዳው ሲለምድ በየቀኑ። ከደረቀባችሁ ማለስለሻ ደርቡበት። ትሬቲኖይንን ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር በአንድ ሰዓት አትደራርቡ፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ ይሁን። ነፍሰ ጡርና ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሬቲኖይድ አትቀባም።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች አዳፓሊን 0.1 በመቶ ጄል እየላኩ «ይህ ምንድን ነው?» ተብዬ የተጠየቅሁበት ጊዜ አለ። እዚያ ከ2016 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ዘመድ የሚልከው ነገር ካለ ከሽቶው ይልቅ ይህ ቢሆን እመርጣለሁ። አጠቃቀሙ ግን ከላይ እንደነገርኳችሁ ነው።

ክሊንዳማይሲን የሚባለው የሚቀባ አንቲባዮቲክ በየፋርማሲው አለ። ለብቻው ለወራት ሲቀባ ባክቴሪያው ይላመደዋል፤ ስለዚህ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ነው የሚሰጠው። ለጥቁር ቆዳ ልዩ ጥቅም ያለው ደግሞ አዜላይክ አሲድ ነው። ብጉሩንም፣ ብጉሩ የተወውን ጥቁረትም ይቀንሳል፤ ለነፍሰ ጡርም ይፈቀዳል። ካገኛችሁት አትናቁት።

የሚዋጡት

ብጉሩ ብዙ ሆኖ ካበጠ፣ ወደ ደረትና ጀርባ ከወረደ፣ ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን ሊያዝ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ይሰጣል፤ ከሚቀባው ጋር ነው እንጂ ብቻውን አይደለም። ሲቆም የሚቀባው ይቀጥላል፤ አለዚያ ብጉሩ ይመለሳል። ይህ መድኃኒት በየመንደሩ በቀላሉ ስለሚገኝ ሰው በራሱ እየገዛ ዓመት ሙሉ ይውጠዋል። ይህን የምቃወመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተስቦንና ግርሻን የምናክመው በዚሁ የመድኃኒት ዘር ነው። ለፊት ውበት ስንል ጀርሞችን ማለማመድ የለብንም።

አወሳሰዱን ልብ በሉ። ዶክሲሳይክሊን ከምግብ ጋር፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ቀና ብሎ ይዋጣል። ውጦ ወዲያው መተኛት አይቻልም፤ ክኒኑ ጉሮሮ ውስጥ ከቀረ የምግብ መውረጃውን ያቆስለዋል። በረመዳን የሚጾሙ በሱሁር ሰዓት ውጠው ተመልሰው ሲተኙ ደረታቸው ተቃጥሎ የመጡ አሉ፤ ለእነሱ ኢፍጣር ላይ ከምግብ ጋር መውሰዱ ይሻላል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙም በባዶ ሆድ አይውጡት፤ ከምሳቸው ጋር ያድርጉት። ከወተት፣ ከብረት ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር በአንድ ላይ አይወሰድም፤ ሁለት ሦስት ሰዓት አራርቁ። ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋል። ነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ለብጉር ብሎ አይወስደውም።

በሴቶች ላይ ሆርሞን ትልቅ ድርሻ አለው። ብጉሩ አገጭና መንጋጋ ላይ ከበዛ፣ የወር አበባ ሊመጣ ሲል ከባሰ፣ በተለይም የወር አበባው የሚዛባና ፊት ላይ ፀጉር የሚበቅል ከሆነ፣ ለሐኪሙ በግልጽ ይነገረው፤ ምርመራ ያስፈልገዋል። የወሊድ መከላከያንም እንርሳው አንበል። ሁለት ሆርሞን ያለው በየቀኑ የሚዋጠው ክኒን ብጉርን ይቀንሳል። በአገራችን ብዙ ሴት የምትመርጠው የሦስት ወር መርፌና በክንድ የሚቀበረው ግን አንድ ሆርሞን ብቻ ስላላቸው በአንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉር ያባብሳሉ። መርፌውን ከጀመርሽ ወዲህ ፊትሽ ከተበላሸ ለቤተሰብ ምጣኔ ነርሷ ንገሪያት፤ ሌላ ዘዴ አለ። ሳትነግሪ መቅረትና ያላሰብሽው እርግዝና ውስጥ መግባት ግን መፍትሔ አይደለም። ክኒኑም ለሁሉም አይሆንም፤ ደም ግፊት ላለባት፣ ደም ረግቶባት ለሚያውቅ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ለምታጨስ አይሰጥም።

ትልቁ መድኃኒት

ከቆዳ ሥር እንደ ዕብጠት እየተቋጠረ ጠባሳ ለሚተው፣ ወይም በሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ላለ ብጉር አይሶትሬቲኖይን አለ። በ1982 አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ ለከባድ ብጉር የሚተካከለው አልተገኘም። አራቱንም ጥፋተኞች የሚደርስባቸው እሱ ብቻ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ወር ገደማ ይወሰዳል፤ መጠኑም በክብደት ይሰላል። ከብዙ ታካሚዎች ብጉሩ ከጠራ በኋላ አይመለስም። ተስፋ ቆርጦ አንገቱን አቀርቅሮ የመጣ ልጅ ቀና ብሎ ሲሄድ ያየሁት በዚህ መድኃኒት ነው።

ያው መድኃኒት ግን በእርግዝና ላይ ከተወሰደ ፅንሱን ይጎዳል። ጉዳቱ ከባድ ነው፤ የጆሮ፣ የፊት፣ የልብና የአንጎል አፈጣጠር ያበላሻል፤ ውርጃም ያስከትላል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ የወሰድኩት ለጥቂት ቀን ነው ማለት አያድንም። ስለዚህ መውለድ የምትችል ሴት ከመጀመሯ በፊት የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፤ በየወሩም ትደግመዋለች፤ ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት አንሥቶ ካቆመች አንድ ወር እስኪሞላ ድረስ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ትጠቀማለች። ይህን ለአንዲት ያላገባች ልጅ በእናቷ ፊት መጠየቅ ለነርስም ይከብዳል። እኔ እናትየዋን በአክብሮት «እርስዎ ትንሽ ውጭ ይቆዩልን» እል ነበር። እናቶች አትቀየሙን።

አንድ ጊዜ የመጣች ወጣት እህቷ ከባሕር ማዶ የላከችላትን እንክብል ከጓደኛዋ ጋር ትካፈል ነበር፤ «ለሁለታችን እንዲበቃ» አለችኝ። ጓደኛዋ አዲስ ሙሽራ ናት። ያን ዕለት ሥራዬን ትቼ ያደረግሁት ስልኳን ተቀብዬ ለጓደኛዋ መደወል ነበር። አላረገዘችም፤ ተመርምራ አረጋገጥን። ይህን መድኃኒት ለማንም አታካፍሉ፤ ከማንም ተቀብላችሁ አትዋጡ። በምትወስዱበት ጊዜና ካቆማችሁ በኋላ አንድ ወር እስኪያልፍ ደም አትለግሱ፤ ደሙ ለነፍሰ ጡር ሊደርስ ይችላል።

ሌላው ጠባዩ ቀላል ነው። ከንፈር በሁሉም ላይ ይደርቃል፤ የከንፈር ቅባት ከኪስ አይለይ። አፍንጫ ይነስራል፣ ዓይን ይደርቃል። ጉበትንና የደም ቅባትን ስለሚነካ የደም ምርመራ አለው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሠራል፤ በጾም ወቅት ዘይት ያለው ወጥ ይሁን። ከዶክሲሳይክሊን ጋር በአንድ ላይ አይወሰድም፤ የቫይታሚን ኤ ክኒንም አይጨመርበትም። ድብርት የነበረበት ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ ቤተሰብም ጠባዩ ሲለወጥ ካየ ዝም አይበል።

ከብጉሩ በኋላ የሚቀረው

ወደ ክፍላችን የሚመጡ ብዙዎቹ የሚያለቅሱት በብጉሩ ሳይሆን ብጉሩ በተወው ጥቁር ምልክት ነበር። ቆዳችን ቀለም ስላለው በተቆጣ ቁጥር ይጠቁራል። ማፍረጥ፣ በሎሚ ማቃጠል፣ በሻካራ ጨርቅ መፈግፈግ ሁሉ ቁጣ ነው፤ ሁሉም ጥቁረት ይጨምራል። ጥቁረቱ ጠባሳ አይደለም፤ ወራት ይፈጃል እንጂ ይለቃል። ፀሐይ ግን ያቆየዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታው ሲጨምር የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል፤ አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሐይዋ አትጎዳም ማለት አይደለም። «እኛ ጥቁር ነን፣ የፀሐይ መከላከያ የፈረንጅ ነው» የሚሉኝ ነበሩ፤ ለጥቁረቱ ግን ከብዙ ክሬም ይልቅ የሚረዳው እሱ ነው። አቅም ካልፈቀደ ባርኔጣና ጃንጥላ ገንዘብ አያስወጣም፤ ነጠላውንም ግንባር ላይ ሳብ ማድረግ ይቻላል።

የተሰረጎደ ወይም አብጦ የቀረ ጠባሳ ሌላ ነው፤ በቅባት አይጠፋም። ስለዚህ ጠባሳ የሚተው ብጉር የያዘው ልጅ «ሲያድግ ይለቀዋል» ተብሎ አይጠበቅም። ቶሎ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ፤ ጤና ጣቢያው እንደ አለርት ወዳለ የቆዳ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ሪፈር ሊጽፍለት ይችላል። ብጉሩ በድንገት ቆስሎ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ካመጣ ደግሞ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ዕድሜው ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ብጉር ካወጣም ሐኪም ይየው። በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ፍሬ ለሚወጣበት ጨቅላ ግን አትደንግጡ፤ ቅቤም ሌላም ነገር አትቀቡት፤ በራሱ ይጠፋል።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ፊታችሁን በፓውደር ሸፍናችሁ አትምጡ፤ እስካሁን የተቀባችሁትንና የዋጣችሁትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ያለቀውን ቱቦ፣ ጽሑፍ የሌለውን ብልቃጥ፣ የፀጉሩን ቅባት፣ የወሊድ መከላከያውን ካርድ። አፍራችሁ ቤት የምትተዉት ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ማየት የሚፈልገው ነው።